ሸረሪቷ ምን አደረገች?

 

ደብረ ማርቆስ ወይም ዙሪያዋን ባለው ደጋ ያደገ ሰው «ሸረሪት ሸንታብኝ ነው» የሚለውን ንግግር ሳይሰማ አይቀርም። ማታ ደህና የተኛ ልጅ ጠዋት ከንፈሩ ዳር ወይም አንገቱ ላይ ውሃ የቋጠረ፣ የሚያቃጥል ቁስል ይዞ ይነሳል። እናት ታያለች፣ ጎረቤት ትጠራለች፣ ፍርዱ እዚያው ይሰጣል። ማስረጃው ከአልጋው በላይ በግድግዳው ጥግ ላይ ያለው ድር ነው። ከዚያ መጥረጊያ ይነሳል።

የቆዳ ሐኪም ብትጠይቁ የምታገኙት መልስ ሌላ ነው። ከንፈር ዳር የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ሄርፐስ የሚባል ቫይረስ የሚያመጣው ነው፤ አንዴ ሰውነት ውስጥ ከገባ ተደብቆ ይቆይና ትኩሳትና ድካም ሲያገኝ ይነሳል። አንገትና ክንድ ላይ ተሰምሮ የሚያቃጥለው ደግሞ አንዳንዴ የመብራት ብርሃን ተከትላ የምትገባ የአንዲት ቀጭን ጥንዚዛ ሥራ ነው። እሷም ብትሆን አትነክስም፤ ቆዳችን ላይ ስንጨፈልቃት ከሰውነቷ የሚወጣው ፈሳሽ ነው የሚልጠን። ሸረሪት የምትጥለው ጠብታ ቆዳ አያቃጥልም። እንግዲህ ጥፋተኛው ሌላ፣ የተገደለችው ሌላ ሆነች ማለት ነው።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ግን መጨረሻው ቤታችን ድረስ፣ ኒካሕ እስከምንነጋገርበት ምንጣፍ ድረስ ይመጣልና ታገሱኝ።

መጀመሪያ ሥራዋን እንይ። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲገባ፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ወደ ቤት ስትመለሱ ስልካችሁን ኪስ ውስጥ ክተቱና አጥሩን ተመልከቱ። በእኛ ከፍታ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ጤዛው ከባድ ነው። ቀን የማይታየው ድር ሁሉ ያኔ ይታያል። በአጥሩ እንጨቶች መካከል፣ በጤፉ ማሳ ዳር፣ በአደይ አበባው አንገት ላይ ተዘርግቶ ጠብታ በጠብታ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ፀሐይ ወጥታ ጤዛው ሲደርቅ ድሩ እዚያው ሆኖ ከዓይን ይጠፋል። ብዙዎቻችን እንዳለም የምናውቀው ፊታችን ላይ ሲጠመጠም ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ምን እንደምንል ይታወቃል።

ክብ ድር የምትሠራዋ ሸረሪት ስትጀምር አንድ ክር ለንፋስ ትለቃለች። ክሩ ተንሳፍፎ አንድ ቅርንጫፍ ሲይዝ ድልድይ ሆነላት። በድልድዩ ላይ እየተመላለሰች ታጠነክረዋለች፣ ከመካከሉ ወደ ታች ትወርዳለች፣ ከዚያ ከመሐል ወደ ዳር እንደ ጋሪ እግር ዘንጎች ክሮችን ትዘረጋለች። እነዚህ አይጣበቁም፤ መንገዶቿ ናቸው። ቀጥላ ከመሐል ወደ ውጭ የሚዞር ሰፋ ሰፋ ያለ ጊዜያዊ ክር ትጥላለች፤ ግንበኛ ሕንፃ ሲሠራ መጀመሪያ እንደሚያቆመው መወጣጫ እንጨት መሆኑ ነው። በመጨረሻ ከውጭ ወደ መሐል እየዞረች የሚጣበቀውን ክር ስትሠራ፣ ጊዜያዊውን እየነቀለች ትሄዳለች። ይህ ሁሉ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ብዙዎቹ የሚሠሩት በጨለማ ነው፤ ዓይናቸውም ደካማ ነው። ርቀቱን የሚለኩት በእግራቸው ነው፤ ክሩ ሲንቀጠቀጥ የመጣው ዝንብ ይሁን ንፋስ የሚለዩትም በእግራቸው ነው።

ሽመና የሚያውቅ ቤተሰብ ውስጥ ያደጋችሁ ደግሞ አንድ ነገር ወዲያው ይገባችኋል፦ ዘንጎቹ ድር ናቸው፣ ዙሪያውን የሚሄደው ማግ ነው። ቋንቋችንም ለሸማኔው ክርና ለሸረሪቷ ሥራ አንድ ቃል ነው የሰጠው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም ሁልጊዜ የሸረሪት ድር ተብሎ ይጻፋል፤ የፈረንጅ መጽሐፍና የግድግዳ ጥቅስ ሁሉ እንዲያ ነው የሚያውቀው። እኔ ግን ሸማኔው ቤት የተወለደ ይመስለኛል፤ ጥጥ ፈትላ ልቃቂት የምታጠነጥን እናት ክር ሲደራረብ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ሸረሪት አያስፈልጋትም።

ክሩ ራሱ ሆዷ ውስጥ ፈሳሽ ነው፤ ሲሳብ ይጠነክራል። ለማዕዘኑ፣ ለሚጣበቀው፣ እንቁላሏን ለምትጠቀልልበት የተለያዩ ዕጢዎች አሏት። በክብደት ካነጻጸራችሁት፣ ተንጠልጥላ የምትወርድበት ክር ከብረት ይጠነክራል። ብዙዎቹ ድሩ ሲያረጅ መልሰው ይበሉትና ለአዲሱ ይጠቀሙበታል። የምትይዘውስ? በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት በዓለም ያሉ ሸረሪቶች በየዓመቱ ከ400 እስከ 800 ሚሊዮን ቶን የሚደርስ አደን እንደሚበሉ ገምቷል፤ አብዛኛው ነፍሳት ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ፓኪስታን ውስጥ ሲንድ የሚባለው ክፍለ ሀገር በጎርፍ ሲጥለቀለቅ ሸረሪቶች ከውሃው ሸሽተው ዛፍ ላይ ወጡ፤ ዛፎቹም ከላይ እስከ ታች በድር ተሸፈኑ። ፎቶው ያስፈራል። የአካባቢው ሰዎች ግን በዚያ ሁሉ የቆመ ውሃ መካከል የተጠበቀውን ያህል ትንኝ አላየንም ብለው ነበር።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ እንድትወዷት አይደለም። መውደድ ግዴታ አይደለም። የምጠይቀው ሌላ ነው፦ መጸየፋችን ምን ያህል ያስኬደናል? «ያስጠላኛል» ከሚለው ተነስተን «ታደርሳለች»፣ «አድርጋለች»፣ «ይገባታል» ወደሚለው የምንሄደው በምን መንገድ ነው?

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። በሱረቱል በቀራ 26ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) ትንኝንም ሆነ ከዚያ በላይ ያለውን ምሳሌ ከማድረግ እንደማያፍር ይነግረናል። ሙፈሲሮች ከሚጠቅሷቸው የመውረጃ ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው፦ ቁርኣን ዝንብንና ሸረሪትን ሲያነሳ የሰሙ ከሓዲዎች ሳቁ። የአላህ ቃል እንዲህ ያለውን ነገር ያነሳል እንዴ አሉ። ልብ በሉ፣ ስለ ምሳሌው እውነትነት አንድም ቃል አልተነፈሱም። ክርክራቸው በሙሉ ፊት ማጨማደድ ነበር። ዛሬ በዚያች ፍጡር ስም የተጠራ ሙሉ ሱራ አለን፤ 29ኛው ሱራ፣ ሱረቱል ዐንከቡት፣ 69 አንቀጾች።

የሱራው 41ኛ አንቀጽ ላይ ግን ቆም ማለት አለብን፤ ብዙ ወጣት የሚሳሳተው እዚህ ነውና። አንቀጹ ከአላህ ሌላ ረዳት የያዙ ሰዎችን ቤት ከሠራች ሸረሪት ጋር ያመሳስላል፤ ከቤቶችም ሁሉ ደካማው የሸረሪት ቤት መሆኑን ይናገራል። አንዳንዶች ይህን ይዘው ሸረሪት የተነቀፈች ፍጡር ናት ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «ሳይንስ ክሩ ከብረት ይጠነክራል ይላል፣ ታዲያ እንዴት ደካማ ይባላል?» የሚል ጥያቄ በቴሌግራም ሲያገኙ ይደነግጣሉ። ሁለቱም ቀስ ብለው ቢያነቡ ይጠቅማቸዋል። የተነገረው ስለ ቤቱ ነው፤ ስለ ክሩ አልተነገረም። ቤት ከዝናብ ያስጠልላል፣ ከብርድ ይከልላል፣ ከጠላት ይጋርዳል። የጥንት ሙፈሲሮችም ያብራሩት እንዲህ ነው፤ ያ ድር ለነዋሪዋ ከሙቀትም ከብርድም አይከላከልላትም። የጮቄ ውርጭ ሲወርድ በድር ውስጥ መቀመጥ ሜዳ ላይ ከመቀመጥ ምንም አይለይም። ክሩ ለተሠራለት ሥራ፣ ለመያዝ፣ እጅግ ጠንካራ ነው። ችግሩ ወጥመድን ጣራ ነው ብሎ ለሚጠለልበት ነው፤ አንቀጹ የሚወቅሰውም እንዲህ የሚጠለለውን ሰው ነው። ሸረሪቷ የተፈጠረችበትን እየሠራች ነው።

በተቃራኒው በኩልም እንዲሁ ያለ ማስረጃ የምንሮጥበት ጊዜ አለ። «ሸረሪትን አትግደሉ፣ ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) በዋሻው ያዳነች ናት» ይባላል። የሰውር ዋሻ ታሪክ እውነት ነው፤ ነቢዩና አቡበክር (ረ.ዐ) እዚያ መደበቃቸው በሱረቱ ተውባ 40ኛው አንቀጽ ተጠቅሷል። አንቀጹ ግን ሸረሪት አያነሳም፤ የሚያነሳው ሰዎች ያላዩዋቸውን ሠራዊት ነው። በዋሻው አፍ ድር ሠራች የሚለው ዘገባ በሙስነድ አሕመድ አለ፤ የሐዲስ ሊቃውንት ግን ተለያይተውበታል፤ ኢብን ከሲር ጥሩ ነው ሲሉት ሌሎች ደካማ ብለውታል። በሌላ ወገን ሸረሪት የተለወጠች ሰይጣን ናት፣ ግደሏት የሚል አባባልም በሐዲስ ስም ይዞራል፤ ይህም ደካማ ነው። ቤት ውስጥ የተተወ ድር ድህነት ያመጣል የሚለውም ወደ ዐሊይ (ረ.ዐ) ተጠግቶ ይነገራል እንጂ የተረጋገጠ አይደለም። ቤት ለመጥረግ ደግሞ እንዲህ ያለ ማስፈራሪያ አያስፈልግም፤ ንጽሕና በራሱ በቂ ምክንያት ነው።

ታዲያ ሸሪዓው የት ያስቀምጣታል? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሐረም ውስጥም ቢሆን እንዲገደሉ የፈቀዷቸው አምስቱ የታወቁ ናቸው፦ ቁራ፣ ጭልፊት፣ ጊንጥ፣ አይጥና ተናካሽ ውሻ። እንዳይገደሉ የከለከሏቸውም አሉ፦ ጉንዳን፣ ንብ፣ ሁድሁድ እና ሱረድ የምትባለው ወፍ። ሸረሪት ከሁለቱም ዝርዝር ውስጥ የለችም። ይህ ለእኔ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ነው። የምትጎዳ ከሆነች ጉዳቷን መከላከል ይቻላል፤ ካልጎዳች ግን እጃችንን የሚያነሳው ምክንያት ምንድን ነው? በዓለም ላይ ከ50 ሺህ በላይ የሸረሪት ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ሁሉም ማለት ይቻላል ለአደን የሚሆን መርዝ አላቸው፤ ለሰው አደገኛ የሆኑት ግን ከዚህ ሁሉ ጥቂቶች ናቸው። መኝታ ቤት ያለችው ቀጭን እግሯን ዘርግታ ትንኝ ስትጠብቅ የኖረች ናት። የምትፈሩ ካላችሁ ብርጭቆ ድፉባትና ከሥር ወረቀት አስገብታችሁ ወደ ውጭ ውሰዷት። መፍራት ነውር አይደለም፤ ትልልቅ ሰዎች ሲዘሉ አይቻለሁ።

በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ አንድ ሐዲስ እዚህ ላይ ይመጣብኛል። ከቀደሙት ነቢያት አንዱን ጉንዳን ነከሰችው፤ የጉንዳኖቹም መንደር እንዲቃጠል አዘዘ። አላህም አንዲት ነክሳህ ሳለ፣ የሚያጠራኝን አንድ ሕዝብ አቃጠልክ ሲል ወቀሰው። እዚያ ንክሻው እንኳ እውነት ነበር። ነካሿም ከዚያው መንደር ነበረች። ያም ሆኖ ተወቀሰ። በሱረቱል አንዓም 38ኛው አንቀጽ ደግሞ በምድር የሚሄዱትና በክንፍ የሚበሩት ሁሉ እንደናንተ ሕዝቦች ናቸው ተብለናል። እንደኛ ሕዝብ ከሆኑ፣ ሕዝብ ላይ የሚሠራ ፍርድ እነሱ ላይም መሠራት አለበት፤ ቢያንስ ማስረጃ።

አሁን ወደ ምንጣፉ እንምጣ።

በሰሜኑ ደጋ ለዘመናት ሙስሊም ርስት ማግኘት ይቸግረው ነበር። ስለዚህ ብዙዎቹ አያቶቻችን በሁለት ነገር ኖሩ፦ በንግድና በሽመና። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ዕቃ የሚያርፍበት የባሶ ገበያ፣ በዛሬዋ የጁቤ አካባቢ፣ በሙስሊም ነጋዴ የታወቀ ነበር። ሽመናውም ጉድጓድ ምሶ እግር አስገብቶ ቀኑን ሙሉ መወርወሪያ መወርወር ነው። የሠሩትን ጋቢና ነጠላ ሁሉም ለበሰው፤ በበዓልም በሐዘንም ለበሰው። ሠሪውን ግን «ቁጢት በጣሽ» አለው። ነጋዴውን «መጫኛ ነካሽ» አለው። ብረት ቀጥቃጩን «ጠይብ» ብሎ፣ ቆዳ ሠሪውን «ፋቂ» ብሎ፣ ከዚያም አልፎ «ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ ሰው ይበላል» አለ። በልጅ ላይ ድንገት ሕመም ሲወድቅ፣ ዓይኑ የሚዞረው ወደ እነዚያ ቤቶች ነበር። ነገሩ ምን ያህል የተንሰራፋ እንደነበር ለማወቅ፣ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መሳደብን በአዋጅ እስከ መከልከል መድረሳቸውን ማየት ይበቃል። አዋጁ ስድቦቹን አንድ በአንድ ይዘረዝራል፤ የሸማኔውም የነጋዴውም እዚያ አለ።

ከአልጋው በላይ ያለውን ድር አስታውሱ። ሕመም አለ፣ ምክንያቱ አልታወቀም፣ የሚያስጠላ ጎረቤት አለ። የቀረው መጥረጊያ ማንሳት ብቻ ነው። ልዩነቱ እዚህ መጥረጊያው የሚነሳው በሰው ላይ መሆኑ ነው፤ ተከሳሹም ልጅ አለው፣ ልጁም የሰፈሩ ልጆች ሲሸሹት ያያል።

ይህን ሌላ ሰው ያደረሰብን በደል አድርገን ብቻ ብናወራው ይቀለን ነበር። ነገር ግን በእኛም ቤት አለ። ልጅቷ ዲን አላት፣ ወጣቱ ሶላቱን ይጠብቃል፣ ሁለቱ ተስማምተዋል፤ ሽማግሌ ተቀምጦ ሳለ አንድ አጎት ጎንበስ ብሎ «ዘሩን አጣርታችኋል? በእናቱ በኩል ጠይብ ናቸው ይባላል» ይላል። ቤቱ ዝም ይላል። ጉዳዩ በዚያው ይቀራል፤ ለልጁም ሌላ ምክንያት ይነገረዋል፤ እሱ ግን ያውቃል። እናንተ ከምታውቋቸው ሰዎች መካከል በዚህ የፈረሰ ኒካሕ ከሌለ አልሐምዱሊላህ በሉ።

«ጠይብ» የሚለው ቃል ለስድብ ሲቀርብ ለምን ዳውድን (ዐ.ሰ) አናስታውስም? በሱረቱ ሰበእ 10ኛውና 11ኛው አንቀጽ አላህ ብረቱን አለዘበለት፤ ጥሩር እንዲሠራ፣ ቀለበቶቹንም እንዲመጥን አዘዘው። ነቢይም ንጉሥም ነበር፣ በእጁ ግን ብረት ይሠራ ነበር። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ሰው ከገዛ እጁ ሥራ ከሚበላው የተሻለ ምግብ እንደሌለ ሲናገሩ ምሳሌ አድርገው የጠቀሱት እሱኑ ነው። ሐዲሱ በቡኻሪ አለ። እንግዲህ ያ አጎት ዳውድ (ዐ.ሰ) ለልጁ ሊለምን ቢመጣ በእናቱ በኩል ሊያጣራ ነው?

ሱረቱል ሑጁራትን ብዙዎቻችን በቃል እናውቃለን። 6ኛው አንቀጽ ወሬ ሲመጣላችሁ አረጋግጡ ይላል፤ ያላረጋገጠ ሰው ሳያውቅ ሰዎችን ሊጎዳ፣ ከዚያም ሊጸጸት ይችላል። 12ኛው ከጥርጣሬ አብዛኛውን ራቁ ይላል። እነዚህን ሁለት አንቀጾች ይዞ ከአጎት ጋር መጣላት አያስፈልግም፤ ትልቅ ሰው ነው፣ ክብሩ ይጠበቅለት። ሻይ ቀድታችሁ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ «አጎቴ፣ እርስዎ ራስዎ ምን አዩ? ከዚያ ቤት ማን ማንን ሲጎዳ አዩ?»

ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ «እኔማ ምን አይቼ፣ ሰው ይላል እንጂ» የሚል ነው።